ያልታወቀው አውራ ጣት

ደባርቅ ወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ማመልከቻ እየጻፉ ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጡት መሪጌታ ያርጋል የሰውን ዘር በሁለት ይከፍሉታል፤ በሚፈርምና በአውራ ጣቱ በሚያትም። የሚፈርመውንም ቢሆን አብዛኛውን አያከብሩትም። ፊርማው የዶሮ ጭረት የሚመስል፣ "ሥላሴ"ን በእሳቱ ሰ የሚጽፍ፣ ቀን ማስቀመጥ የሚረሳ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ቀላል ሰው ነው። የሚያትመውን ግን ጭራሽ ከቁጥር አያስገቡትም። ገበሬው ከአምቢኮ ድረስ መጥቶ የድንበር ክርክሩን ሲያስረዳቸው ቀና ሳይሉ ይጽፋሉ፤ ሲጨርሱ የማኅተሙን ቀለም በክርናቸው ወደሱ ገፋ አድርገው "በል ንከር" ይላሉ። ጣቱን ያዩታል፤ ፊቱን አያዩትም። አሻራ ብቻ አይቼ የማን እንደሆነ እለያለሁ እያሉም ይኩራራሉ። እውነቱን ለመናገር ማንም ፈትኗቸው አያውቅም።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በሚያዝያ መግቢያ አንድ ሰኞ ማለዳ ከባንክ መልእክት የደረሳቸው። "ውድ ደንበኛችን፣ ለመረጡት የቀብር ማስፈጸሚያ መድን የወሩ ክፍያ ከሂሳብዎ ተቀንሷል። ስለ ምርጫዎ እናመሰግናለን" ይላል። መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። ወደ ኋላ ሄደው ቢያዩ የጥርም፣ የየካቲትም፣ የመጋቢትም እንደዚሁ ተቀንሷል፤ የሎተሪ ማስታወቂያ እየመሰላቸው ሳይከፍቱ አልፈውት ኖሯል። ብሩ ትልቅ ብር አልነበረም። ሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ቡይት ራስ ላይ ለቱሪስት የሚያከራዩዋት በቅሎ በአንድ ቀን ከዚያ የበለጠ ታመጣለች። ደማቸውን ያፈላው "ምርጫዎ" የሚለው ቃል ነው። የሌላውን ሰው ምርጫ ሁሉ ሲያጣጥሉ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸውን ምርጫ ከስልክ ሊሰሙ!

"የሰው ስም ሰርቆ ማመስገን!" አሉ ለብቻቸው። ወንበራቸውን አጥፈው ተነሡ።

ባንኩ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ምሥራቅ የምትባል፣ ኮሌጅ ከጨረሰች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። "ምን ልታዘዝ አባባ?" አለቻቸው።

"አባባ አይደለሁም፤ መሪጌታ ነኝ። ማን ነው ከሂሳቤ የሚቆርጠው?"

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነካካች። "ሲስተሙ ነው የሚቆርጠው።"

"እንግዲያው ሲስተሙን ጥሪልኝ።"

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። መሪጌታ ግን አልቀለዱም። "እኔ አላስገባሁትም፤ በሬው ራሱ ነው ማሳው ውስጥ የገባው" የሚል ተከሳሽ ሲሰሙ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። ሰው ሲያጠፋ ጥፋቱን አፍ በሌለው ነገር ላይ እንደሚያላክክ ያውቃሉ። ገበሬ በሬ አለው፤ ባንክ ደግሞ ሲስተም አለው።

ጫጫታው ሲበዛ ሥራ አስኪያጁ አሸናፊ ከረባቱን እያስተካከለ ወጣና ወደ ቢሮው አስገባቸው። "ትንሽ ኢሹ ተፈጥሮ ከሆነ መሪጌታ፣ በፕሮሰስ እናየዋለን" አለ።

"በአማርኛ ተናገር። ሰርቃችኋል ወይስ አልሰረቃችሁም?"

አሸናፊ መልስ በመስጠት ፈንታ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ዘረጋላቸው። ወረቀቱ ላይ ጥቁር ልብስና ነጭ ጓንት ያደረጉ ስድስት ጎረምሶች ሬሳ ሣጥን ተሸክመው ይስቃሉ። አንድ ደንበኛ ሲያርፍ ባንኩ ስልክ ይደውላል፤ ከጎንደር መኪና ይነሣል፤ ዩኒፎርም የለበሱ ስድስት ተሸካሚዎች፣ ድንኳንና መቶ ወንበር ይዞ ይመጣል። ሁሉንም የሚሠራው ከባንኩ ጋር ውል ያለው መድን ድርጅት ነው።

መሪጌታ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንሥተው እንደ ሞተ አይጥ አንጠለጠሉት። "ከጎንደር ድረስ ተሸካሚ? ደባርቅ ሰው አለቀ? ጓንትስ ለምንድን ነው፣ ሟቹ ይቆሽሻል ብላችሁ?"

"ይሄ እንኳ የተዘጋጀው ዕድር ለሌላቸው ደንበኞች ነው።"

"ማን ነው ዕድር የሌለው?"

አሸናፊ ጠረጴዛውን አየ። የጎንደር ልጅ ነው፤ ደባርቅ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ቢሆን ነው። እሱ እንኳ ያውቃል። መሪጌታ ያርጋል ሦስት ዕድር ጨርሰዋል። የመጀመሪያውን ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ላይ ስሕተት ያበዛል ብለው ለቀቁ። ሁለተኛውን፣ ዳኛው እሳቸው እየተናገሩ ስልክ አነሣ ብለው። ከሦስተኛው፣ ከእነ አቶ ገዱ ዕድር የወጡት ካቻምና ነው። ቀብር ላይ ባለመገኘታቸው መቀጫ ቢጠየቁ ስምንት ገጽ መልስ ጻፉ፤ በስምንተኛው ገጽ ላይ "እኔ ከነባለቤቴ ከዚህ የመሃይማን ስብስብ ከዛሬ ጀምሮ ወጥተናል" ብለው ፈረሙ። ባለቤታቸው ጤናዬ "እኔን ለምን?" ብላ ጠይቃ ነበር። መልስ አልሰጧትም፤ ፊርማቸውን እያደነቁ ነበር።

"ቅጹን አምጣልኝ" አሉ አሁን። "የፈረምኩበትን።"

ቅጹ መጣ። ስማቸው አለ፣ የሂሳብ ቁጥራቸው አለ፤ በፊርማው ቦታ ላይ ግን የአውራ ጣት አሻራ ተቀምጧል። ትንሽ አሻራ ነው፤ አንድ ነጭ መስመር ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፍሎታል።

መሪጌታ ያርጋል በዚያች ቅጽበት ደስ ያላቸውን ያህል በሠርጋቸው ቀንም አልተደሰቱም። "ጣት!" አሉ። ከወንበራቸው ብድግ ብለው መስኮቱ ጋ ላሉት ሰዎች በሙሉ እንዲሰማ አድርገው ደገሙት። "ጣት! የእኔን ፊርማ ፍርድ ቤቱ ያውቃል፣ ሀገረ ስብከቱ ያውቃል። እኔን ጣት ነካሪ አደረጋችሁኝ? ሐሰተኛ ሰነድ ስትሠሩ እንኳ ሰው አትመርጡም?"

"መሪጌታ፣ ሁለተኛውን ገጽ ቢያዩት—"

"ሐሰተኛ ሰነድ ሁለተኛ ገጽ አያስፈልገውም።"

አሸናፊ የቢሮውን በር ዘጋ። ቅጹን ያስሞላው በኮሚሽን የሚሠራ ደርቤ የሚባል ልጅ መሆኑን፣ አሁን ዳባት ላይ እንደሚሠራ፣ ገንዘቡ ዛሬውኑ ሊመለስ እንደሚችል፣ ነገሩ በዚሁ ቢያልቅ ለሁሉም እንደሚሻል ተናገረ። መሪጌታ ገንዘቡን እንደማይፈልጉት ነገሩት። የሚፈልጉት ስማቸውን ነው። ባንኩ በበሩ ላይ ይቅርታ ይለጥፋል፣ ሰባት ቀን ሙሉ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያነበዋል፤ ውሉ ይሰረዛል፤ ደርቤ ይባረራል። እስከ መጪው ሰኞ ጠዋት ይህ ካልሆነ ክስ ይገባል። የቅጹን ፎቶ ኮፒ አስነሥተው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጀርባቸውን አቅንተው ወጡ።

ያ ሳምንት ለደባርቅ አውራ ጣቶች የመከራ ሳምንት ነበር። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሁሉ ጣቱን ገልብጦ እንዲያሳይ ይጠየቃል። የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ሹፌር ስለ አደጋው ሊያስጽፍ ቢመጣ፣ መሪጌታ ከአደጋው ይልቅ ጣቱን መረመሩት። "የአንተ ሰፊ ነው፣ ሂድ" ይላሉ። ወይም "የአንተ መስመር የለውም"። ከተማው በሙሉ ይስቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ከተማው የሚስቀው በባንኩ ላይ መስሏቸዋል።

ሐሙስ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍረው ዳባት ወረዱ። ደርቤን ገበያው ዳር፣ የባንኩ ምልክት ካለበት ጃንጥላ ሥር አገኙት። ሲያያቸው ተነሥቶ ቆመ።

"የማን ጣት ነው?" አሉት ሰላምታ ሳይሰጡ።

"መሪጌታ፣ ይተዉት ይሄን ነገር።"

"የማን ጣት ነው አልኩህ!"

"አልናገርም። ቃል አስገብተውኛል።" ልጁ አንገቱን ደፋ። "ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ በሌላ ሰው ስም ጣት ማስቀመጥ አልነበረብኝም። ግን ለእርስዎም ብዬ ነው። ክሱን ይተዉት፤ በኋላ ይጸጸታሉ።"

"እኔ?" ሳቁበት። ፈርቷል ብለው አሰቡ፤ የፈራ ሰው ሁሉ እንዲህ አዛኝ ይሆናል። አንድ ኮሚሽን ለቃሚ ለእሳቸው አዘነላቸው! ደባርቅ እስኪደርሱ ድረስ በሚኒባሱ ውስጥ ለጎናቸው ሰው ይህንኑ እያነሡ ሲስቁ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ክሱን ጨርሰው ለጤናዬ ያነቡላት ጀመር። የጻፉትን ሁሉ ለእሷ ያነባሉ። አስተያየቷን ፈልገው አይደለም፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ እንዴት እንደሚያምር ለመስማት ነው። ጤናዬ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

"'ማንነቱ ለጊዜው ያልታወቀው ይህ ወንጀለኛ፣'" አነበቡ መሪጌታ፣ "'ፊደል ያልቆጠረ፣ የገዛ ስሙን እንኳ መጻፍ የማይችል፣ ከእንስሳ ብዙም ያልራቀ ፍጡር ሆኖ ሳለ፣ የአመልካችን የተከበረ ስም—'"

"ይሄ ሰውዬ ሲገኝ ምን ይሆናል?" አለች ጤናዬ።

"ይታሰራላ!"

"ብዙ?"

"እሱን ዳኛው ይወስናል። እኔ ጠንከር ያለውን ጠይቄያለሁ።"

ጤናዬ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ከክሱ ጋር ከዘረጉት ፎቶ ኮፒ አጠገብ አኖረችው። አውራ ጣቷ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ የቆየ የማጭድ ጠባሳ አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ነጭ መስመርም ያው ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

መሪጌታ ጣቱን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ተመልሰው ጣቱን አዩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት እህል ውኃ ያቀረበላቸው ጣት ነው። ጠባሳው መቼ እንደመጣ አያውቁም። እንዳለም አያውቁም ነበር።

"አንቺ? በእኔ ስም?"

"ስሙም የአንቱ ነው፣ የባንክ ደብተሩም የአንቱ ነው። እኔ በስሜ ምን አለኝና? ደርቤ የባለ ሂሳቡ ፊርማ ያስፈልጋል አለኝ። መፈረም እንደሆን አላስተማሩኝም፤ ጣቴን ሰጠሁት።"

መሪጌታ ተቆጡ ወይስ ደስ አላቸው፣ ለራሳቸውም አልተለየላቸውም። ሚስታቸው ስለ ቀብራቸው ተጨንቃ ከጀርባቸው ነገር ስትሸርብ መክረሟ ሆዳቸውን ትንሽ አባባው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አይ አንቺ፣ እኔ እኮ ገና አልሞትም" አሉ።

"ለአንቱ አይደለም።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"ለእኔ ነው። ሁለተኛውን ገጽ ያንብቡት እንጂ፤ አንባቢው አንቱ።"

ገለጡት። ሰኞ ዕለት ያልገለጡት፣ ሳምንቱን ሙሉ በኪሳቸው ይዘውት የዞሩት ገጽ ነው። "የቀብር አገልግሎቱ የሚሰጣቸው፦ ወይዘሮ ጤናዬ፤ ዕድሜ፦ ስልሳ" ይላል።

"አንቱማ መሪጌታ ነዎት" አለች ጤናዬ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ቢጠሉዎትም ካህናቱ አይተዉዎትም፤ ጥላ ዘርግተው፣ ወረብ ወርበው ይቀብሩዎታል። እኔን ማን ይቀብረኛል? ወንድሜ ሲሞት እዚህ ቤት ለቅሶ ተቀመጥኩ። ስንት ሰው መጣ?"

"ዝናብ ነበር።"

"ኅዳር ነበር። አምስት ሰው መጣ። ሁለቱ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ነው የመጡት። አንቱም ጻፉላቸው።"

መሪጌታ መጻፋቸው ትዝ አላቸው፤ ከቤቱ ወጥተው አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር የጻፉት፣ ክፍያም ተቀብለዋል።

"ከዚያ ወዲህ የሰው ለቅሶ ስሄድ ሴቶቹ ሥራ አያሲዙኝም" አለች ጤናዬ። "ውኃ ልቅዳ ስል 'አንቺ ተቀመጭ' ይሉኛል። እንደ እንግዳ ዳር ላይ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ደርቤ ከጎንደር ስድስት ሰው ይመጣል ሲለኝ ግድ የለም አልኩ። አያውቁኝም፤ መሸከም ግን ይችላሉ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎት ስምንት ገጽ ይጽፋሉ።"

ሰኞ ጠዋት ባንኩ ሳይከፈት መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ክሱ ኪሳቸው ውስጥ ተቀዳዷል። በማለዳ የመጡት አንድ ነገር ፈርተው ነው፤ የፈሩት ደግሞ በሩ ላይ ተለጥፎ ጠበቃቸው። "ለክቡር መሪጌታ ያርጋል ከልብ የመነጨ ይቅርታ" ይላል፣ በትልቁ ታትሞ። ሦስት የፊደል ስሕተት አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሕተት አይተው አልተናገሩም።

አሸናፊ በፈገግታ ተቀበላቸው። "ሁሉንም ፈጽመናል። ገንዘብዎ ተመልሷል። ውሉ ዓርብ ዕለት ተሰርዟል። ደርቤም ከሥራ ተሰናብቷል።"

"ደርቤ ምን አጠፋ?" አሉ መሪጌታ።

አሸናፊ አፉን ከፍቶ አያቸው። "እርስዎ ነዎት እኮ ያስባረሩት።"

"እሱን መልሱት። ውሉንም መልሱት። ራሴ እፈርማለሁ፣ በእጄ።"

"ለማን ነበር የተገባው?" ኮምፒውተሩን አየ። "ባለቤትዎ... ዕድሜያቸው ስንት ነው?"

"በመጋቢት ስልሳ አንድ ገባች።"

"እንግዲያው አይሆንም። መድን ድርጅቱ አዲስ ሰው የሚቀበለው እስከ ስልሳ ነው። በጥር ለጥቂት ደርሰው ነበር የገቡት፤ አንዴ ከወጡ ግን መመለስ የለም።" ከዚያ ምንም ሳይደብቅ ንቀቱን ፊቱ ላይ አውጥቶ፣ "ሁለተኛውን ገጽ ይዩት ብዬዎት ነበር" አለ።

መሪጌታ ይህን ፊት ያውቁታል፤ በየቀኑ ለሰው የሚያሳዩት የራሳቸው ፊት ነው። ከወዲያኛው ወገን ሆነው ሲያዩት ግን እንዲህ እንደሚያቃጥል አያውቁም ነበር። ወጡ።

ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእነ አቶ ገዱ ዕድር ስብሰባ ነው። አቶ ገዱ ዕድሜ ልካቸውን ሊማሊሞን በጭነት መኪና ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ፣ ጡረታ ሲወጡ የዕድር ዳኛ የሆኑ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው በአግዳሚ ላይ ተቀምጧል። መሪጌታ ጤናዬን አስከትለው ሲገቡ ወሬው ቆመ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌሊቱን ሲያዘጋጁት ያደሩት ንግግር ከመዝሙረ ዳዊት የሚጀምር ነበር። አቶ ገዱ እጃቸውን አነሡ።

"ንግግሩ ይቅር። የመጡበትን እናውቃለን፤ የባንኩን ታሪክ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። ጤናዬን ከዚህ ማንም አላስወጣትም፤ ያስወጧት እርስዎ ነዎት። ዛሬውኑ እንመዘግባታለን። አባል የምትሆነው በራሷ ስም ነው።"

ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ እሷ ወዳለችበት ሄደ። ቀለሙንም ራሱ ይዞላት ጎንበስ አለ። "እትዬ ጤናዬ፣ እዚች ጋ" አላት። ጤናዬ ነክራ አተመች። ከሴቶቹ ወገን አንዷ፣ ባንቻየሁ የምትባለው ጎረቤቷ፣ ተጠግታ በአግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

መሪጌታ ብቻቸውን መካከል ላይ ቀሩ። የሚቀመጡበት አልነበረም፤ ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

"እንግዲህ" አሉ አቶ ገዱ፣ "በሕጋችን አባል የሆነ ሰው የትዳር ጓደኛውን ማስገባት ይችላል። ማስገባት አለማስገባቱ የአባሏ ፈንታ ነው። ጤናዬ፣ እሳቸውን ታስገቢያለሽ ወይ?"

ጤናዬ ባሏን አየቻቸው፤ ከእግር ጥፍራቸው እስከ መነጽራቸው፣ ሳትቸኩል።

"ማመልከቻ ይጻፉ" አለች።

አርባው ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀ። መሪጌታ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ በቀጠነች ድምፅ፣ "ለማን ብዬ ልጻፈው?" አሉ።

"ለእኔ ብለው" አለች ጤናዬ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። "የሚያነብልኝ ሰው አላጣም።"